ክብርት እትዬ ጥያቄና ሃያ ሁለተኛው አሚኖ አሲድ

ስልሳ ሦስት! ከመቶ ስልሳ ሦስት! ማለፊያው ስልሳ ስለሆነ ሦስቷ ምርቃት ናት። ጽሕፈቴ ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ የመንገዱ ነው፤ ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ነው የምጽፈው። የማን ውጤት እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ግን ስለ አንድ ዓይነት ሰው ላስረዳ።

ስብሰባ በተባለ ቦታ ሁሉ፣ ሊያልቅ ሲል ጣቱን የሚያነሣ ሰው አለ። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ» ብሎ፣ ሰው ሁሉ ቦርሳውን ዘግቶ፣ ግማሹ ከወንበሩ ተነሥቶ ሳለ፣ ከወደ ጥግ አንዲት ጣት ብቅ ትላለች። በወላጆች ስብሰባ አለች፤ በቧንቧ ኮሚቴ አለች፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አትጠፋም። ይህችን ጣት የማያውቅ የለም፤ የሚወዳትም የለም።

የእኛዋ ጣት ባለቤት ክብርት እትዬ ጥያቄ የምንላቸው ሴት ናቸው። በሆስፒታላችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት አንሶላ ካጠቡ በኋላ፣ በሃምሳ አራት ዓመታቸው የላቦራቶሪ ረዳት ለመሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮርስ ጀመሩ። እኔ ከካርድ ክፍል ነኝ፤ ዕጣዬ ሆኖ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። «ምን አስጀመረዎት?» ብላቸው፣ «ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ደም አጥቤ፣ ደም ምን እንደሆነ ሳላውቅ ጡረታ ልውጣ እንዴ?» አሉኝ። ለረጅም ጊዜ መልስ ሲሰጡ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነበር፤ እሱም በጥያቄ።

የመጀመሪያው ቀን መምህሩ፣ የእትዬን የመጨረሻ ልጅ የሚያክል ወጣት፣ ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተራ በተራ የተሰኩበት ሰንሰለት ነው አለን። የዶቃው ዓይነት ሃያ ነው፤ አሰላለፉ ሲለያይ ፕሮቲኑም ይለያያል። ጨረሰ። ወደ ሆስፒታላችን የሚመልሰን ሰርቪስ ውጭ ክላክስ ይነፋል። ጣቷ ብቅ አለች።

«መምህር፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። ለምን ሃያ? ሃያ አንደኛ የለም?»

መምህሩ ላቡን ጠረገ። «በእርግጥ... አለ። በጣም ጥቂት ፕሮቲኖች ውስጥ ስለሚገኝ ነው ያልጠቀስኩት።»

«ሃያ ሁለተኛስ?»

ሰርቪሱ ሄደ። በእግራችን ተመለስን። በሳምንቱ መምህሩ ዓይኑ ቀልቶ መጣና ሃያ ሁለተኛውም በአንዳንድ ረቂቅ ተሕዋስያን ውስጥ እንደሚገኝ አበሰረን። እትዬ ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛ «ሃያ ሦስተኛስ?» እንዳይሉ ትንፋሻችንን ዋጥን።

ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚታጠፍ የተማርን ዕለትማ ሌላ ጉድ ነበር። መምህሩ፣ ከዶቃዎቹ መካከል ውሃ የሚሸሹ አሉ፣ ሰንሰለቱ ሲጠቀለል እነሱ መሐል ይደበቃሉ፣ ውሃ የሚወዱት ውጭ ይቀራሉ ሲል፣ እትዬ «ልክ እንደ ቅባት ነዋ!» ብለው ጮኹ። «ይሄን ለማወቅ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው የወጥ ቤት ሽርጥ አጥቦ አያውቅም ማለት ነው።»

ይህን ሁሉ እያወቁ ፈተናውን ሁለቴ ወደቁ (እኔም አብሬ ወድቄያለሁ፤ የኔው ግን ባለማወቅ ነው)። ለምን ብትሉ፣ መልስ መስጫው ላይ ጥያቄ እየጻፉ! ሁለተኛውን የፕሮቲን ቅርጽ ደረጃ ግለጹ ሲባሉ ሰንሰለቱ የሚይዘውን ጠመዝማዛ ቅርጽ በሁለት መስመር ገለጹና፣ የቀረውን ገጽ «ለመሆኑ ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ግራ የማይጠመዘዘው ለምንድን ነው?» በሚል ሞሉት። ሰዓቱ አለቀ። ለሦስተኛ ጊዜ የወደቀ ደግሞ ከኮርሱ ይሰናበታል፤ እስከ ጡረታ አንሶላ።

አሁን ንስሐ ልግባ። ሰርቪስ ያመለጠን ተማሪዎች «ከትምህርት ሰዓት ውጭ ጥያቄ ይከልከልልን» የሚል አቤቱታ ለመምህሩ አስገባን። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። እትዬ ወረቀቱን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አዩት፤ ጽሕፈቴን ደግሞ ያውቁታል። አጣጥፈው ወደ ቦታው መለሱት።

ከሦስተኛው ፈተና በፊት የነበረው የመጨረሻ ቅዳሜ ደረሰ። ትምህርቱ አለቀ፤ ቦርሳ ተዘጋ፤ ጣት የለም። ዞር ብል እትዬ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከትተው ተቀምጠውባቸዋል። ደብተራቸው ላይ በትልልቁ ተጽፏል፦ «እንቁላል ሲቀቀል ሰንሰለቱ ካልተበጠሰ፣ ሲቀዘቅዝ ለምን ተመልሶ አይፈስም?»

ክላክሱ ተነፋ። እኔ ግን አላስችል አለኝ። እውነትም ለምን አይፈስም? ወገኖቼ፣ የማን እጅ እንደተነሣ ታውቃላችሁ? የኔ!

«አንተም ተጋባብህ?» አለ ከኋላዬ አንዱ።

ጥያቄውን ጮክ ብዬ አነበብኩት። መምህሩ ፈገግ ብሎ ወደ ጎረቤቴ ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ቀስ ብለው ተነሡ። «ማሽን ውስጥ አርባ አንሶላ አብሮ ሲዞር ይተበተባል። አንድም የተቀደደ የለም፤ ግን ማሽኑ ስለቆመ አይፈታም። እንቁላሉም እንደዚያ ይመስለኛል። ሙቀቱ የታጠፈውን ይዘረጋዋል፤ መሐል ተደብቆ የነበረው ውሃ-ፈሪ ብቅ ይልና አንዱ ሌላውን ይይዛል። ደም የነካው አንሶላም ሙቅ ውሃ የማይነካው ለዚህ ነው፤ ጨርቁ ላይ በስሎ ይቀራል።» ሁለት እጃቸውን ገልብጠው አዩ። «ቀዝቃዛ ውሃ እንደሚያስፈልገው ሃያ ስድስት ዓመት አውቃለሁ፤ ለምን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።»

 ሊጠራን የገባው ሹፌር ራሱ በሩን ተደግፎ ያዳምጥ ነበር።

ፈተናው ላይ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ጥያቄ በመጣባቸው ቁጥር እርሳሱን ግጥም አድርገው ይነክሳሉ፤ ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው መልስ ይጽፋሉ። ሲወጡ ከእርሳሱ የተረፈው ግማሹ ነው።

ዛሬ ውጤቱ ተለጠፈ። እኔም አልፌያለሁ፣ በስልሳ አንድ፤ የሚበዛውን ያገኘሁት ሰርቪስ ካመለጠን በኋላ በተማርኩት ነው። እትዬ ስማቸውን በጣታቸው ተከትለው ስልሳ ሦስት ላይ ደረሱና ቆሙ። ጥያቄ ጠበቅሁ። የለም። 

«ለማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች አንተ ንገርልኝ» አሉኝ በመጨረሻ። «ሁለት ዓመት የቅዳሜ ተራዬን የሸፈኑልኝ እነሱ ናቸው። እኔ ገብቼ አፌን ስከፍት አለቅሳለሁ።»

«አብረን እንሂድ እንጂ እትዬ!»

«ሂድ አልኩህ! ፊቴን ታጥቤ እደርሳለሁ።»

ይኸው የሆስፒታሉ በር ታየ። ማጠቢያ ክፍሉ ከጀርባ ነው፤ በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት መሐል ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ መጮኽ ሊኖርብኝ ነው። ሹፌሩ «ኧረ ቆይ፣ አልቆመም!» እያለኝ ነው። እስኪቆም ማን ይጠብቃል!