ከፋኝና ዳቦ ገዛሁ

በአገራችን ስምህን ከመጠየቋ በፊት ጠባይህን የሚመድቡትን አራት የላቲን ፊደላት የምትጠይቅ ሴት የሌለችበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። በዴጆን ከተማ ያለው ጫማ አስመጪ ቢሯችን ከተከፈተ ቆይቷልና ክብርት ወይዘሮ ባን ኦክጁ አሉን።

ክብርት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ስልካቸው ላይ ያለውን የጠባይ መለኪያ ግን ከመታወቂያ በላይ ያምኑታል። ዕቃ አድራሹን ደረጃ ላይ አስቁመው መድበውታል። መስኮቱ ሥር ያለውን አበባ ሳይቀር፣ «ይኼ ዓይን አፋር ነው፤ ብዙ አታናግሩት» ብለው ወደ ጥግ አዙረውታል። ተሰብስበን ሥጋ ስንጠብስ መቆንጠጫውን የሚይዘው ፊደሉ ሥርዓተኛ ነው ያለው ሰው ብቻ ነው፤ የቀረነው እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን።

እኔ ታክ ብዮንግቾል፣ ቲ ነኝ። ቲ ማለት በእሳቸው ትርጉም ጭንቅላቱ ከልቡ የሚቀድም፣ እንባ ሲያይ ምክር የሚያቀብል ፍጡር ነው። ኤፎች ደግሞ አብረው ያለቅሳሉ። ሚስቴ ጉንፋን ይዟት «መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ» ብያት መውጣቴን ሲሰሙ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቲ ነህ እንዴ?» አሉኝ። እኛ ዘንድ ይቺ ስድብ ናት።

መፈተኛቸው አገር ያወቃት ወጥመድ ናት፦ «ከፋኝና ዳቦ ገዛሁ።» «ምነው፣ ምን ሆነው?» ያለ ኤፍ ነው፣ ዳነ። «ምን ዳቦ?» ያለ ቲ ነው፣ አለቀለት። መልሱን ሁላችንም እንደ ውሃ ጠጥተነዋል።

ባለፈው ሰኞ የወረቀት ከረጢት ይዘው ገቡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ «ከፋኝና ዳቦ ገዛሁ» አሉ።

«ውይ እትዬ! ምነው፣ ምን ሆነው?» አለ ቢሮው በአንድ አፍ። ሳቅ ሆነ። ወጣቷ ሶራ፣ «ዛሬስ ማንም አልወደቀም!» ብላ አጨበጨበች።

«ጎበዞች» አሉና ተቀመጡ። ፊታቸው ግን ልክ አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚጠየቅ አላውቅበትም።

«ምን ዳቦ ነው?» አልኩ።

«በሆዱ የተፈጨ ጣፋጭ ቦሎቄ ያለበት» አሉ ቀስ ብለው። «ሆስፒታል የተኛችው እናቴ የምትወደው። ትን ይላታል ብሎ ሐኪሙ ትናንት በአፏ ምንም እንዳይገባ ከልክሏል። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ተሰልፌ ገዛሁላት። ትዝ ያለኝ ከሱቁ ስወጣ ነው።»

ሶራ አለቀሰች። እኔ ጥያቄ ብቻ መጣብኝ።

«ማሽተትም ከልክሏል?»

አፍጥጠው አዩኝ። ስድቤን ስጠብቅ ከረጢቱን አንሥተው፣ «ተነሥ፣ መኪናህን አውጣ» አሉኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷን አስፈቅደን ዳቦውን አሞቅንና ከአሮጊቷ አፍንጫ ሥር ያዝንላቸው። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። ከዚያም በደከመ ድምፅ፣ «ሳይበርድ ብዪው እንጂ፣ ኦክጁዬ» አሉ።

ክብርት እንደ ሕፃን እያለቀሱ ገመሱት። ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። እኚህን ሴትዮ እወዳቸዋለሁ፤ ይኸው ተናገርኩ። ፍርፋሪ እንኳ አላስተረፍንም። እናትየው ዓይናቸውን ገልጠው፣ እስክንጨርስ ይጠብቁን ነበር።