ተንሳፋፊው ጽናጽል

ዝም የሚል ሰው ብዙ ያስባል ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ። ባለቤቴ ዘነበች ስታገባኝ ከነዚህ አንዷ ነበረች። ሰው ሲያወራ እኔ አቀርቅሬ መሬት መሬቱን ሳይ፣ ውስጤ ትልቅ ነገር የሚብሰለሰል ይመስላት ነበር። እውነቱን ልንገራችሁና ብዙውን ጊዜ የማስበው ቆጮው ዛሬ ከምን ጋር እንደሚቀርብ ነው። ይህንን ካወቀች ቆይታለች፤ የመንደሩ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላወቀም። በዕድር ስብሰባ ላይ ተራ በተራ ሐሳብ ሲጠየቅ፣ እኔ ጋ ሲደርሱ "እሱ ተስማምቷል" ብለው ያልፉኛል። አንዳንዴ አልተስማማሁም ነበር። ግን ያን ለማስረዳት ስንት ቃል ይፈጃል? ተስማምቶ ወደ ቡና ማሳዬ መሄድ ይቀላል።

የዝምታ ችግሩ አንድ ብቻ ነው። "አልገባኝም" ለማለትም አፍን መክፈት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ነገር ሲነገረኝ ራሴን እነቀንቃለሁ። ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ደግሞ እንደገባው ይቆጠራል። አሁን የምነግራችሁ ጣጣ የመጣው ከዚሁ ራስ መነቅነቅ ነው።

ልጄ ምህረት ዲላ ተምራ ስትመረቅ፣ ሥራ እስክታገኝ ብላ ወደ መንደራችን ወደ ኮንጋ ተመለሰች። ይዛ የመጣችው ሁለት ነገር ነው፤ ዲግሪና ኮምፒውተር። ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሥራ ፈት ሆነ። ኮምፒውተሩ ግን ከመጣበት ቀን ጀምሮ እረፍት አላየም። ምህረት በእሱ ለሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሙዚቃ ትሠራለች። ከበሮ ሳይኖር ከበሮ ይመታል ብላችሁ ታምናላችሁ? ቆዳ የለው፣ እንጨት የለው፣ የሚደልቅ ጎረምሳ የለው። ልጅቷ ጣቷን ጠቅ ታደርጋለች፣ ቤቱ ይደለቃል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ጎረቤት ሠርግ ያለ መስሎኝ ጫማዬን አድርጌ ወጥቻለሁ።

ችግሩ የመጣው ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ከአቶ ዱካሌ ነው። አቶ ዱካሌ ደግ ሰው ናቸው፤ ጥርሳቸው ግን በሙዚቃ ይታመማል። ጽናጽሉ፣ ያ "ችክ ችክ ችክ" የሚለው፣ መንጋጋዬን ቆረጠመኝ አሉ። ምህረት ጽናጽሉን ልቀንስ ብላ ስትሞክር ከበሮው ሁሉ አብሮ ወረደ። ከበሮውን ልመልስ ስትል ጽናጽሉ አብሮ ወጣ። ሲወርድ ሁሉም፣ ሲወጣ ሁሉም። በዚህ ዓይነት ጥቂት እሁዶች ካለፉ በኋላ አቶ ዱካሌ ፈረዱ። የምስጋና እሁድ ከየአጥቢያው ሕዝብ ሜዳው ላይ ይሰበሰባል። በዚያን ቀን ነገሩ ከተስተካከለ ተስተካከለ፤ ካልተስተካከለ ኮምፒውተሩ ወደ ቤቱ ይሂድ፣ የቆዳው ከበሮ ይመለስ፣ ምህረትም እንደማንኛውም ምእመን አግዳሚ ላይ ትቀመጥ አሉ።

ልጄ ያን ቀን እራት አልበላችም። በቤታችን የሥራ ጠፋ ወሬ ተለምዷል፣ ማንም አይደነግጥም። ይህቺ ግን ያለ ደመወዝም ቢሆን የያዘቻት አንዲት ሥራ ነበረች። እናቷ "ተዪው፣ የእግዚአብሔር ቤት ነው፣ አግዳሚም ክብር ነው" አለቻት። እኔ ምንም አላልኩም። ምንም ስል አይታችሁኝ ታውቃላችሁ?

ከዚያ ወዲያ ዲላ ካለች ጓደኛዋ ጋር በስልክ ስትነጋገር፣ ጠቅ ጠቅ ስታደርግ፣ ስትሰርዝ ሰነበተች። አንድ ቀን ከቡና ማሳ ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ ምን እየሠራሽ ነው አልኳት። ከመገረሟ የተነሳ ብድግ አለች። አባቷ ጥያቄ የጠየቃት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሆነ እሷም እኔም አናስታውስም።

"አባ፣ ማጠቢያ ጣቢያው ላይ ያለውን የቡና ቦይ ታውቀው የለ? እስካሁን ይሄ ከበሮ ሁሉ ባንድ ቦይ ነበር የሚወርደው። ወፍራሙም፣ ቀጭኑም፣ ጭብጨባውም፣ ጽናጽሉም። አሁን ለእያንዳንዱ የየራሱን ቦይ አወጣሁለት። ከእንግዲህ አንዱን ስነካ ሌላው አይነካም።"

ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ዓምዶች አሳየችኝ። በእያንዳንዳቸው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋ ቁልፍ አለ። ሚክሰር ይባላል አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። እንደዚያን ቀን የገባኝ ነገር በሕይወቴ አልነበረም።

እንዴት አይገባኝም? የቡናው ወቅት በመጣ ቁጥር ማጠቢያ ጣቢያው ቦይ ዳር ቆሜ በእንጨት መግፊያ ቡና ስገፋ ነው ጠጉሬ የሸበተው። የታጠበው ቡና ከውሃው ጋር ሲለቀቅ ከባዱ ፍሬ ታች ይቀራል፤ እሱ አንደኛ ደረጃ ነው። ቀላሉ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ተንሳፋፊ ቡና ለብቻው ይወሰዳል፣ ለብቻው ይደርቃል፣ በገዥ ፊት አይቀርብም። የቦይ ጥበብ ይኸው ነው። ልጄ ቦይ አለች፤ እኔ ቦይ አውቃለሁ። በሙዚቃ ቦይ ውስጥ ተንሳፋፊውም እንደሚፈለግ ነግራኛለች? አልነገረችኝም። ጠይቄያታለሁ? ከላይ ያለውን አንብቡ።

የምስጋናው ዋዜማ ቅዳሜ ምህረት ድምፅ ማጉያና ጄኔሬተር ለማምጣት ወናጎ ከተማ ወረደች። ባጃጅ ላይ ከመውጣቷ በፊት "አባ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ዶሮ እንዳትወጣ ተመልከትልኝ" አለችኝ። አስተውሉ፤ የከለከለችው ዶሮ ነው። ስለ እኔ ምንም አልተባለም።

ተቀመጥኩ። ዶሮ አልመጣችም። አንድ ሰው ዶሮ ሳትመጣ ስንት ጊዜ ዶሮ ሊጠብቅ ይችላል? ዓምዶቹ ፊት ለፊቴ እንደተደረደሩ ናቸው። ምህረት ረጅሟን ቁልፍ መታ ስታደርግ ሙዚቃው እንደሚነሳ አይቻለሁ። መታ አደረግኋት። ተነሳ። በየቦዩ አረንጓዴ ነገር ወደ ላይ ይዘል ጀመር፤ ልክ ውሃ እንደ ለቀቁበት። እዚህ ላይ በውስጤ የተኛው የቦይ ሠራተኛ ተነሳ።

ልጄ ነገ በሕዝብ ፊት ትቀርባለች። እኔ አባቷ የምረዳት በምን ነው? በምላሴ አይሆንም። በማውቀው ሙያ ግን ለምን አልረዳትም? ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት በጣቴ ማንቀሳቀስ ጀመርኩ። ቀስት የምትባለዋ ነገር እንደ ቁንጫ ናት፤ እዚህ ስላት እዚያ ናት። ቢሆንም በትዕግሥት ያዝኳት። በመጀመሪያ ጽናጽሉን ሰማሁት። ችክ ችክ ችክ። ከዚህ የበለጠ ተንሳፋፊ ከየት ይመጣል? እስከ ታች አወረድኩት። ቀጥሎ ጭብጨባው፤ ባዶ ገለባ። እሱም ወረደ። ቀጭኑ ከበሮ መካከለኛ ሆኖ ስላገኘሁት ሁለተኛ ደረጃ ሰጥቼ ጥቂት አስቀረሁለት። ኦርጋኑ አየር ነው፤ አየር ደግሞ ከተንሳፋፊም በታች ነው። ወፍራሙን ከበሮ ስሰማ ግን ልቤ ሞላ። ድም። ድም። ይህ ታች የሚቀር፣ የተከበረ፣ አንደኛ ደረጃ ድምፅ ነው። እስከ ጫፍ ገፋሁት።

መጨረሻ ላይ አንድ ቦይ ቀረ። ምንም አይዘልበትም፤ ደረቅ ነው። በላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ አውቃለሁ፤ ሲሰበሰቡ ምን እንደሚነጋገሩ ግን አላውቅም። ውሃ የማይወርድበት ቦይ ተከፍቶ ከቆየ ቅጠልና አፈር ይገባበታል። ዘጋሁት።

ዘነበች እንሰት ተሸክማ ስታልፍ "የምህረት አባት፣ ምንድን ነው የምትነካካው?" አለችኝ። "ቡና" አልኳት። ዶሮዎቹን እንድጠብቅ አሳስባኝ አለፈች።

ምህረት ጭቃ በጭቃ ሆና ተመልሳ ኮምፒውተሩን ሳታየው ከደነችው። ልነግራት አሰብኩ። ከዚያ ነገ ራሷ አግኝታው ይበልጥ ትደሰት ብዬ ተውኩት።

እሁድ ሜዳው ሞላ። ከባንኮ ጎቲቲ ሳይቀር በእግርም በሞተርም ሰው መጥቷል። ጄኔሬተሩን የያዘው ባጃጅ ዳገቱ ላይ ጭቃ ይዞት ስለዘገየ፣ ዕቃው ተተክሎ ሳይሞከር መርሐ ግብሩ ተጀመረ። አቶ ዱካሌ ጉባኤውን በባዶ ድምፃቸው ከፈቱ። እሳቸው ማይክ አያስፈልጋቸውም፤ ሲያስነጥሱም ማዶ ይሰማል። መዘምራኑ ነጭ በነጭ ለብሰው ወጡ። ምህረት ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ረጅሟን ቁልፍ መታ አደረገች።

ድም።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ አንደኛ ደረጃ ድምፅ በጌዴኦ ምድር ተሰምቶ አያውቅም። ድም። የድንኳኑ ምሰሶ ተንቀጠቀጠ። ድም። ዳር ላይ የቆመ ሞተር ሳይክል ወደቀ። ሕፃናት ባንድነት አለቀሱ። መዘምራኑ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ቃል የሚባል አይወጣም። ለካ ያ ደረቅ ቦይ የማይኩ ኖሯል። የቤተ ክርስቲያኑ አሮጌ ሚክሰር ስለተበላሸ ማይኩም በኮምፒውተሩ በኩል ነበር የሚያልፈው። ማንም ሳይናገርበት አረንጓዴው እንዴት ይዝለል? ከፊት የተቀመጡ ጆሯቸው የደከመ አንድ አዛውንት ብቻ ፊታቸው በራ። ገና ዛሬ መዝሙር ሰማሁ አሉ።

ምህረት ስክሪኑን አየች። ቀና ብላ እኔን አየች። እኔ መሬቱን አየሁ። ከበሮውን አቆመችው። አቶ ዱካሌ ብድግ ብለው ወደ መድረኩ እየሄዱ "ይህን ዕቃ ሰብስቢው ልጄ፤ እኔ ብዬ ነበር" አሉ። ልጄ ከንፈሯን ነክሳ አቀረቀረች።

ያኔ እግሬ ተነሳ። እኔ አላዘዝኩትም። ዘነበች ኮቴን ይዛ "ምነው፣ አሞሃል እንዴ?" አለችኝ። ስሄድ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀልኝ፤ አቶ ዱካሌ እንኳ ባሉበት ቆሙ። ማይኩን ያዝኩ። ከኀፍረት ዐይኔን ጨፈንኩና በሕይወቴ ተናግሬ የማላውቀውን ያህል ተናገርኩ። የልጄ ሥራ ምንም እንከን እንደሌለበት ተናገርኩ። ያበላሸሁት እኔ ራሴ እንደሆንኩ፣ የቡና ደረጃ ለከበሮ ሰጥቼ ጽናጽልን ተንሳፋፊ ብዬ እንዳባረርኩ ተናገርኩ። መዝሙሯን ቡና ውስጥ ብቻዬን ስሆን እንደማንጎራጉራት ሳይቀር ተናገርኩ። ለዚህ ጥፋት የሚባረር ካለ ከበሮ ሳይሆን እኔን አባርሩ አልኩ።

ዐይኔን ብገልጥ ሕዝቡ በሙሉ አቀርቅሯል። አንዳንዱ እጁን ዘርግቷል። ንግግሬ ይህን ያህል ልብ ይነካል ብዬ አልጠበቅሁም። እንዲህ ያለ ስጦታ ይዤ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም እንዳልኩ ቆጨኝ። ከዚህ በላይ ማሳመር ስለማይቻል "ጨርሻለሁ" አልኩ።

"ጨርሻለሁ" የሚለው ቃል እንደ ነጎድጓድ ከማጉያው ወጥቶ ማዶ ተራራው ጋ ደርሶ ተመለሰ። የሜዳው ሕዝብ ባንድ ድምፅ "አሜን" አለ።

የማይኩ ቦይ ለካ የተከፈተው በመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያልኩትን ሁሉ ከመድረኩ ጀርባ የሚያጓራው ጄኔሬተር በልቶታል። ሰው ያየው ዐይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ሽማግሌ ነው፤ ጸሎት መስሎት አብሮ ጸለየ።

ወዲያው ምህረት ረጅሟን ቁልፍ መታች። ጽናጽሉ እንሰት ቅጠል ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ስስ ሆኖ መጣ፤ ጭብጨባው በቦታው፣ ወፍራሙ ከበሮ በልኩ፣ የመዘምራኑ ቃል አንድ በአንድ። እልልታው ቀለጠ። የአቶ ዱካሌ እግር መሬቱን መታ መታ ሲያደርግ አየሁት። እሳቸውም ማየቴን አዩና እግራቸውን ሰበሰቡ። በኋላ ሽማግሌዎቹን ጠርተው፣ "አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ቆሞ የጸለየበትን ዕቃ እኔ ማን ነኝና የማስወጣው" አሉ። ኮምፒውተሩም ልጄም በቦታቸው ጸኑ።

ወደ ቤት ስንመለስ ምህረት ክንዴን ያዘችኝ።

"አባ፣ ማጉያው ቢዘጋም እኔ በማዳመጫው ሁሉንም ሰምቻለሁ" አለች።

ቦዩ መዘጋቱን ያወቅሽው መቼ ነው አልኳት። እስክትንበረከክ ድረስ ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም። ደግሜ አልጠየቅሁም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም።

ይህን ስንል አቶ ዱካሌ ከኋላ ደረሱብን። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው እጅግ ደስ እንዳላቸው ነገሩኝ። ከዚያ ልጄ እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና "ጸሎትህ ግሩም ነበር" አሉኝ። "ለሌላ ጊዜ ግን ትንሽ አሳጥረው።"