ለዜማው ባለቤት ጋቢ

እስቲ በጣም የምትወዱትን የሠርግ ዘፈን በልባችሁ አንጎራጉሩ። ጨረሳችሁ? አሁን ዜማውን ማን እንደደረሰው ንገሩኝ። ዘፋኙን አላልኩም፤ ዘፋኙንማ እስከ ጫማው ቀለም ታውቁታላችሁ። አላወቃችሁትም፣ አይደል? አትፈሩ፣ እኔም አላውቅም ነበር። እኛ ዘንድ ዜማ እንደ ዝናብ ነው፤ ከሰማይ ይወርዳል፣ ማን ላከው ብሎ የሚጠይቅ ደግሞ ነገረኛ ይባላል። እኔ ነገረኛ አይደለሁም። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ "አቤት" የምለው ለራሴ ነው። ይህን የምጽፈው ስለተናደድኩ ብቻ ነው።

ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ ከእኛ አፓርታማ በታች ጋሽ ግሪሻ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖራሉ። "ጋሽ" ያልኳቸው እኔ ነኝ። የምናወራው በእንግሊዝኛ ስለሆነና እንግሊዝኛ "አንቱ" ስለሌለው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማከብራቸው። በሶቪየት ዘመን ስመ ጥር የዜማ ደራሲ ነበሩ። በፋብሪካውም በባቡሩም ሕዝቡ የእሳቸውን ዜማ ያዜም ነበር። ከሁሉም የታወቀው ለታናሽ እህታቸው ሠርግ የደረሱት ነው። ኋላ ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ሲጠይቁ መንግሥት ተቆጣና ስማቸው ከሬዲዮ ጠፋ። ዘፈኑ ግን አልጠፋም፤ ዘፈኑ ይወደዳላ! "የሕዝብ ዜማ" ተብሎ ቀጠለ።

አንድ ቅዳሜ ስልካቸውን ላስተካክልላቸው ስወርድ ያን የሠርግ ዜማ በአሮጌ ኪቦርዳቸው ይጫወቱታል። ሳላስበው በአማርኛ አብሬ ዘፈንኩ። እጃቸው ቀጥ አለ።

"ከየት አወቅሽው?"

"ይሄማ የእኛ የሠርግ ዘፈን ነው። አጎቴ ጋሼ ታደሰ ያልዘፈነበት ሠርግ የለም። የወሎ ነው ይላል።"

"አጎትሽ የት ተማረ?"

"ኪየቭ። የትራክተር ምህንድስና።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "ትራክተሩን ትቶ ዜማዬን ነድቶ ሄዷላ!" አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ "አንድ ቀን እንኳ አንድ ሰው ማይክ ይዞ 'የግሪሻ ነው' ሲል ብሰማ ደስ ይለኛል" አሉኝ።

ለዚህስ ምን ገዶኝ! የአጎቴ ልጅ ሠርግ ደርሶ ነበር። የዜማ ደራሲ የሆኑትን ፈረንጅ ጎረቤቴን ላምጣ ወይ ብዬ አጎቴን ጠየቅኩት። "ይምጡ፣ ይምጡ፤ ፈረንጅ ለቪዲዮ ያምራል" አለኝ።

አዳራሹ ሞልቶ፣ ያ ዘፈን ሲጀመር ጋሽ ግሪሻ ተነሡና ኪቦርድ ተጫዋቹ አጠገብ ሄደው ቆሙ። ልጁ በአክብሮት ወንበሩን ለቀቀላቸው። ወገኖቼ፣ ያን ዜማ ስንት ሠርግ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን እሳቸው ሲጫወቱት ገና እንደሰማሁት ነው የገባኝ። ሴቶቹ በእልልታ አዳራሹን አናጉት። እኔ የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሁለት ሰዎች ጦር ተማዘዙ፤ አንዱ "የወሎ ነው" ሲል ሌላው "ኧረ የት ታውቅና! የጎጃም ነው!"

"የእሳቸው ነው" አልኩ፤ በጣቴ እያሳየሁ።

ሁለቱም እኩል ዞሩብኝ። "አንቺ ልጅ፣ እዚህ ተወልደሽ ስለ ባህል ምን ታውቂያለሽ?"

ሲጨቃጨቁ ያመሹት ሰዎች የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ዘፈኑ ሲያልቅ አጎቴ ሊያቅፋቸው ሄደ። ጋሽ ግሪሻ በሩሲያኛ አንድ ነገር አሉት። የአጎቴ ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። በሩሲያኛ አጭር መልስ ሰጣቸውና ማይኩን አነሣ። አሁን 'የግሪሻ ነው' ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"እኚህ አባት የወሎ ባህላችንን እንዲህ አጥንተው ስላስደሰቱን፣ ጋቢ ሸልመናቸዋል!"

እልልልል!

አጎቴ ጋቢውን ሲያለብሳቸው ማይኩን እኔ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አኖረው። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። አልዘረጋሁም።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ተቀመጡ። አጎቴ ምን እንዳላቸው ጠየቅኳቸው።

"ዘፈኑን ማን አስተማረህ አልኩት። 'ተማሪ ሳለን መኝታ ክፍላችን ውስጥ ሁላችንም እንዘፍነው ነበር፤ ግን እባክዎ፣ ዛሬ የልጄ ሠርግ ነው' አለኝ።"

"አልተናደዱም?"

"መንግሥቴ ስሜን ሲወስድ ምንም አልሰጠኝም" አሉ ጋቢውን እየዳበሱ። "ይሄ ቢያንስ ይሞቃል።"

እሳቸው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። አጎቴ እኮ ልጅ ሲመክር ከአፉ የማይጠፋው ተረት "በሰው ወርቅ አይደምቁ" የሚል ነው!

በማግስቱ ቪዲዮውን "የወሎ ባህላችን ፈረንጁን ማረከው" ብሎ ለቀቀው። ሠርጉ አልፏል፤ ሙሽሮቹም ሄደዋል፤ እንግዲህ "ዛሬ" የሚባል ሰበብ የለም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ አፌን ከፈትኩ፦ "ይህን ዜማ የደረሱት ኪቦርድ የሚጫወቱት ሰው፣ ግሪጎሪ ናውሞቪች ብሬይተር ናቸው" ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ። ከዚያ ለጋሽ ግሪሻ ላሳያቸው ስልኬን ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

በራቸው ላይ ቆሜ ስልኬን ስከፍተው ጽሑፌ የለም። አጎቴ አጥፍቶታል።

ቪዲዮው ግን አልጠፋም። ዘፈኑ ይወደዳላ!