የጋሽ ገብረወልድ ሰባት ቤት

ዘመድ ቆጣሪ የሌለበት ሰፈር የለም፤ ካለም ገና ሰው አልገባበትም። የኛ የድሬዎቹ ሊቀ ሊቃውንት፣ ክቡር ጋሽ ገብረወልድ፣ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሰላምታቸው "እንዴት ዋልክ" አይደለም፤ "የማን ልጅ ነህ?" ነው።

ወይ ጣጣ! ከሳቸው ጋር ቀፊራ ገበያ የወጣ ሰው ሽንኩርት ሳይገዛ ይመለሳል። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩን መሃድን አባቶቹን አስቆጠሩት። ሶማሌ ነውና በኩራት አንበለበለው። ደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ "ቁም! ዘጠነኛው ላይ አንድ አባት ዘለልክ። አጎትህ ባቡር ላይ አብሮኝ ሠርቷል፣ አውቃለሁ" አሉት። መሃድ ጥግ ይዞ አጎቱ ጋ ደወለ።

"ዋላሂ ዘልያለሁ!"

ትምህርትም አላቸው። "ሶማሌ ጎሳውን ሲከፋፍል ጂሊብ ይላል፣ ጉልበት ማለት ነው። ኦሮሞ ባልባላ ይላል፣ በር ማለት ነው። እኛ ሰባት ቤት እንላለን። ያለ ጉልበት አትቆም፣ ያለ በር አትገባ፣ ያለ ቤት የት ታድራለህ?" መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

እኔን ግን አንድም ቀን የማን ልጅ ነህ ብለውኝ አያውቁም። አባቴ በሕፃንነቱ ባቡር ጣቢያ ተጥሎ ተገኝቶ፣ ሠራተኞቹ ያሳደጉት ሰው ነበር። ከሱ በላይ የምቆጥረው የለኝም።

ፍቅረኛዬን ማርቲን ለማግባት ሽማግሌ ለመላክ የፈራሁትም ይህንኑ ነው። አባቷ ሰባት ቤት ሳያስቆጥሩ ልጅ አይድሩም። ጋሽ ገብረወልድ ሽማግሌ ሆነው ቤታቸው ገቡ፤ እኔ በር ላይ ቀረሁ። በድሬ ሙቀት መስኮት የሚዘጋ የለምና ሁሉም ይሰማኛል።

"የናሁሰናይ ዘሩስ?" አሉ አባቷ፣ እኔን ማለታቸው ነው።

ላብ አጠመቀኝ። አባት ተዘለለ ብለው ባጃጅ ያስቆሙት ጋሽ ገብረወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የኔ ልጅ ነው" አሉ። "ከኔ ጀምረው ይቁጠሩ።" ከዚያ አባቶቻቸውን እስከ ሰባት ዘረዘሩ።

ድሬ ውስጥ የአባቴን ታሪክ የማያውቅ የለም፤ የማርቲ አባትም ያውቃሉ። እንዲያም ሆኖ "የርስዎ ልጅ ከሆነማ ምን እላለሁ" አሉ።

ጋሽ ገብረወልድ ሲወጡ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ከዘራቸውን ደረቴ ላይ ቀስረው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁኝ።

"የማን ልጅ ነህ?"

"የርስዎ።"

"ቁጠራ!"

አራተኛው ላይ ስሳሳት ከዘራቸውን አቀመሱኝ።