ጋቢ የለበሰው ሞተር

ሰው ሙሉውን እውነት የማይነግራቸው ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ የንስሐ አባቱ፣ ሌላው መካኒኩ ነው። ለንስሐ አባቱ እንኳ ትንሽ ትንሹን ይዘረዝርና ትልቁን ውጦ ይነሣል። ለመካኒክ ግን ትንሹንም አይናገርም። «ምን ሆኖ ቆመ?» ስትሉት «ምንም አልሆነ፣ ዝም ብሎ ቆመ» ይላችኋል። ዝም ብሎ የሚቆም ሞተር እስካሁን አላጋጠመኝም። ወይ ከቤንዚኑ ጋር ውሃ አጠጥተውታል፣ ወይ ዘይት ነፍገውታል፣ ወይ የአጎት ልጅ ፈትቶ ሲገጥመው የተረፈችውን ብሎን ኪሱ ከትቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለሰው ነው ይላሉ። እኔ ግን ለውሃ ሞተር የተባለ ይመስለኛል።

ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የውሃ መሳቢያ ሞተር እጠግናለሁ። ይህን የማወጋችሁ በየስብሰባው መስኖ፣ መስኖ ይባል በነበረበት ዘመን የሆነውን ነው። ወንዝ ዳር መሬት ያለው ሁሉ ሞተር ይገዛል፤ ሞተር የገዛ ሁሉ ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ እኔ ዘንድ መምጣቱ አይቀርም። ልማቱ ለገበሬው የመጣውን ያህል ለእኔም መጥቶልኝ ነበር።

ከማንኩሳ ወዲያ ጌትነት የሚባል ገበሬ ነበር፤ ትጉህ ሰው። ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ሽጦ ሞተር ገዛ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። በተረፈው በሬ ከጎረቤት ጋር እየተቀናጀ ይህችን ዓመት ሊያልፋት አስቧል። በበጋው የበርበሬ ችግኝ ያፈላል፣ ዝናብ ሲገባ ይተክላል፣ በርበሬው ሲደርስ በሬውን ይመልሳል። ሁሉ ነገር ያለው በዚያች የችግኝ መደብ ላይ ነው። የሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ ችግኝ አይምርም፤ ሁለት ቀን ውሃ ካጣ አንገቱን ይደፋል፣ ከዚያ በኋላ ለፍየልም አይሆን።

ጌትነት አንድ ቀን ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ሞተሩ ይነሣና ትንሽ ሠርቶ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ ይሞታል አለኝ። ምን አደረጋችሁት? ምንም። ጥቁር ጭስ አየር ማጣት መሆኑን እኔ ቤት የከረመ ድመት እንኳ ያውቀዋል። ስለዚህ ሄጄ የአየር ማጣሪያውን ፈታሁት፤ ከሱቅ እንደወጣ ንጹሕ ነው። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ነቀልኩት፤ ጥላሸት ለብሷል። ጠርጌ መለስኩት፣ ገመዱን ሳብኩ፣ ተነሣ። ውሃው እየተንፎለፎለ መደቡን አራሰው። ከባለቤቱ ከየሺና ከእናቱ ከእማሆይ ጋር በአንድ መሶብ ምሳ በልተን፣ ተመራርቀን ተለያየን።

በማግስቱ ጌትነት ደጄ ላይ ቆሟል። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ አልሠራም አለ። ሄድኩ። አሁን ካርቡራተሩን በሙሉ አውርጄ በቤንዚን አጠብኩት፤ አንዲት ቅንጣት ቆሻሻ የለበትም። ገጠምኩት፤ ያለ እንከን ተነሣ። የዚያን ዕለት ምሳዬ ለብቻዬ፣ በተከደነ ሳህን ቀረበልኝ። እናቴ ሊሆኑ የሚችሉት እማሆይ፣ የመጀመሪያ ቀን አንተ ያሉኝ ሴትዮ፣ እርስዎ ይሉኝ ጀመር። እኔ ሞኙ ክብር መሰለኝ። ሙያ ያስከብራል እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

ሞተሩ እንደገና ሞተ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ካንዴላው እንደ ልማዱ ጠቁሮ አገኘሁት፤ ጠርጌ አስነሣሁት፣ አንድም ሕመም ሳላገኝበት ተሰናብቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ የካንዴላ መፍቻዬን እንደረሳሁ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ወንዙ ዳር ስደርስ ያየሁትን ነገር ዓይኔ አላምን አለ። ሞተሩ ጋቢ ለብሷል። ጋቢው እንዳይወልቅ በላዩ የማዳበሪያ ጆንያ ተደርቦበት በጠፍር ታስሯል። ማርሚታው ብቻ አፍንጫውን አውጥቶ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ የሺ ጋቢው እንዳይቃጠል ጫፉን ይዛ ቆማለች።

ጌትነት መሬት መሬት አየ። የነገረችኝ የሺ ናት። ሞዴል አርሶ አደር ነህ ብለውት ኖሮ፣ ከየቀበሌው ለልምድ ልውውጥ የመጡ ሰዎች ተሰልፈው ሞተሩን ጎብኝተውላቸዋል። ያ ሁሉ ሰው ወይ ጉድ፣ ወይ ማማር እያለ ሲያደንቅ አንድም በስመ አብ ያለ አልነበረም። ማታውኑ እማሆይ ከዓይን ሸፍኑት አሉ። እኔ ስመጣ የሚገልጡት ሐኪም ፊት ልብስ ስለሚወልቅ ነው። ለመሆኑ ይህን ሦስት ቀን ሙሉ እንዴት አልነገራችሁኝም ብላት፣ እርስዎ የጠየቁን ስለ ሞተሩ ነው እንጂ ስለ ጋቢው መቼ ጠየቁን አለችኝ። ምን ትሏታላችሁ?

ሳቅሁ። ጋቢውን ገፈፍኩና ሊቃውንት ጉባኤ ላይ እንደሚያስተምር መምህር ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሞተርም ይተነፍሳል፣ የሚተነፍሰውም በዚህች ቀዳዳ ነው አልኩ። ቃል ብቻ አይበቃም ብዬ፣ መዳፌን በአየር መግቢያው ላይ ጫንኩት። ሞተሩ ተርገፍግፎ ሞተ። እጄን አንሥቼ ገመዱን ሳብኩት፤ ተነሣ። ደገምኩላቸው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሁሉንም በትዕግሥት ተመለከቱ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እርስዎ እጅዎን ሲጭኑበት ሞተ፣ ሲያነሡለት ዳነ። እኛስ ከዚህ ሌላ ምን አልን?» አሉኝ።

የተከደነው ሳህን ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ ቡዳው እኔ ነኝ። ብረት የሚነካ፣ እሳት የሚያቀጣጥል፣ ሲመጣ የሚያድን ሲሄድ የሚያሳምም፤ ሌላ ማን ሊሆን?

ከፋኝ። አልደብቃችሁም፣ በጣም ከፋኝ። አባቴ ገበሬ፣ አያቴም ገበሬ ናቸው ብዬ ዘሬን ልቆጥር አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። እንዲያ ብል፣ ነገሩስ እውነት ነው፣ ሰውየውን ብቻ ተሳሳታችሁ ማለቴ አይደል? ከወንዙ ማዶ የሚኖረውን ቀጥቃጭ አስታወስኩ። የጌትነት ማረሻ የእሱ እጅ ሥራ ነው። ማረሻው ያረሰውን እህል ሁሉም ይበላል፤ ከቀጥቃጩ ጋር ግን በአንድ መሶብ የሚቀርብ የለም። ይህን ስንት ዘመን አይቼ አልፌዋለሁ፤ እስከዚያች ቀን አላመመኝም ነበር።

ቀና ስል ችግኙን አየሁት። ግማሹ አንገቱን ደፍቷል። ጌትነት አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እናቱን ያያል። እናቱን ሊሽር አይችልም፣ ችግኙን ሊያጣ አይችልም። እኔ እስካከራክር ፀሐይዋ አትጠብቅም። ስለዚህ እማሆይ፣ እሺ፣ ለቅቄዋለሁ አልኳቸው። ከእንግዲህ ዓይኔም እጄም አይደርስበትም፤ ነገር ግን ቃሌ የሚጸናው ሞተሩ ራቁቱን እስከሠራ ድረስ ነው፣ አንድ ቀን ጨርቅ ጣል ካደረጋችሁበት ውሉ ፈርሷል። እማሆይ አሰብ አደረጉና እንትፍ ይበሉበታ አሉኝ። እንትፍ አልኩበት። ምራቄ የጋለው ማርሚታ ላይ ቺስስ ሲል እማሆይ ማማተብ ጀመሩ።

ሞተሩ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አልቆመም። በሙያዬ የሠራሁት ሦስት ጊዜ ከሽፎ፣ ምራቄ አንድ ጊዜ ሠራ። ወሬው እኔ ፍኖተ ሰላም ሳልገባ ደምበጫ ደረሰ። ደንበኛዬ በዛ፤ ሒሳቤን ግን መሬት ላይ አስቀምጦልኝ የሚሄድ ሰው መጣ፣ እጄን ላለመንካት። ማታ ማታ ይህን ሳስበው አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ አያስቀኝም።

በርበሬው ደርሶ ከተሸጠ በኋላ፣ በገበያ ቀን ጌትነት ሱቄ ድረስ መጣ። ለቤቴ የሚሆን ዛላ በርበሬ ይዞልኛል። ትከሻዬን ስሞ፣ አያ ታደሰ፣ እኔስ አየር መሆኑ ያኔውኑ ገብቶኛል፣ በእናቴ ፊት ምን ልበል ብዬ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አለ። ከልቡ ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ማወቁ ይበቃኛል ብዬ አቀፍኩት።

በሬውንም ዛሬ እንደገዛ ነገረኝ። እሰይ አልኩ፣ የት አለ፣ እስኪ አሳየኝ።

ጌትነት ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበና፣ «ከድልድዩ ማዶ አስሬው ነው የመጣሁ፣ አያ ታደሰ» አለኝ። «እዚያ አየሩ ይሻለዋል ብየ ነው።»