ጠዋት ጌታውን የማያውቅ አይፎን

[ሐርጌሳ። የበርበራ ሚኒባሶች መነሻ ላይ ያለች ሻይ ቤት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ጉሌድ ከእጁ ከገባ ሦስት ቀን የሆነውን አይፎን የክብር እንግዳ ይመስል ጠረጴዛው መሃል አስቀምጦታል። ሚኒባሱ እስኪሞላ የሚጠብቀው ሾፌር ሮብሌ፣ የተሰነጠቀ አንድሮይድ ስልኩን አጠገቡ አድርጎ ዳቦ በሻይ ይበላል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ጉሌድ፦ እኔ ስለ ስልክ ስነግርህ አንተ ስለ ቻርጀር ታወራለህ!

ሮብሌ፦ ቻርጅ የሌለው ስልክ ምን ያደርጋል ብዬ ነዋ። እኔ ሻይ ቤት ብገባ፣ ጎሚስታ ቤት ብገባ የምሰካው አላጣም። አንተ ትናንት ለቻርጀር ብለህ ስንት ሰፈር ዞርክ?

ጉሌድ፦ አራት። ደህና ዕቃ እንደዚህ ነው፤ ያለፋል።

ሮብሌ፦ ደግሞ የኔ ሁለት ሲም ይይዛል።

ጉሌድ፦ ሁለት ሲም፣ ሚሞሪ፣ ሬዲዮ፣ ባትሪ! ስልክ ነው ወይስ ያንተ ሚኒባስ? ያገኘውን ሁሉ ይጭናል!

ሮብሌ፦ ቢጭንም ያደርሳል።

ጉሌድ፦ ስማኝ ወንድሜ። አንድሮይድ የማንም ነው፣ ሁሉም ይነካካዋል። አይፎን ግን ጌታውን ያውቃል። ፊቴን አየት ያደርግና ይከፈታል፣ በቃ። አንተ በቅባታም ጣትህ መስመር ትስልበታለህ፤ የመስመሩ ፋና ከሩቅ ይታያል። ማንም መጥቶ ይከፍተዋል!

ሮብሌ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ባለፈው እናቴ ከፍታ ደውላበታለች።

ጉሌድ፦ አየህ? አየህ አይደል?

ሮብሌ፦ አሟት ነበር። እኔ ተኝቼ አልሰማኋትም። ጎረቤት ጠርታበት ሐኪም ቤት አደረሷት።

ጉሌድ፦ [ጉሮሮውን ይጠርጋል] እሱ... እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሮብሌ፦ ሐጂ ዳሂር በስንት ሰዓት ነው የሚደውሉልህ?

ጉሌድ፦ አራት ሰዓት፣ በቪዲዮ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከበርበራ መምጣት አልቻሉም። «ልጄን ኢፍራሕን ከመስጠቴ በፊት ሰውየውን በጠዋት፣ አፉ ባዶ ሳለ ልየው» ብለዋል። ለቃሚ አልድርም ነው ነገሩ።

ሮብሌ፦ አንተ ደግሞ...

ጉሌድ፦ እኔ ደግሞ አልቅምም ብያለሁ። ጠዋት ስቅም አይተኸኝ ታውቃለህ?

ሮብሌ፦ ጠዋትማ ጫቱ ራሱ ገና መንገድ ላይ ነው።

ጉሌድ፦ እኮ! ውሸቱ የቱ ጋ ነው? አሁን ዝም በልና ፀጉሬን በካሜራው ልየው።

[ስልኩን አንስቶ ፊቱ ላይ ይደግነዋል። አይከፈትም። ያርቀዋል። አይከፈትም። በደንብ ፈገግ ይልለታል። ስልኩ ፈገግታ አይገዛም።]

ሮብሌ፦ ምነው?

ጉሌድ፦ ምንም። ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው፤ ብዙ አልጨቀጭቀውም። ለጥንቃቄ ነው።

ሮብሌ፦ ከማን ነው የሚጠነቀቀው?

ጉሌድ፦ ከሁሉም ሰው።

ሮብሌ፦ ካንተም?

ጉሌድ፦ አንተ ይሄ አይገባህም፣ ቴክኖሎጂ ነው። ከሰዓት በኋላ ቢሆን ገና ቀና ስል ነው የሚከፈተው።

ሮብሌ፦ ታዲያ በቁጥር ክፈተው። ቁጥር የለውም እንዴ?

ጉሌድ፦ ቁጥሩን ጓደኛዬ ፋራህ ነው የሞላልኝ፣ እሱ ቤት በርጫ ላይ። እንዳልረሳው ብሎ የጫቱ መጠቅለያ ላይ ጽፎልኝ ነበር።

ሮብሌ፦ መጠቅለያውስ?

ጉሌድ፦ ፍየል በላችው።

ሮብሌ፦ እንግዲያው በኔ ስልክ ያናግሩህ። ቁጥሬን ያውቁታል፤ በየሳምንቱ ዕቃ አደርስላቸው የለ?

ጉሌድ፦ አማቴ በተሰነጠቀ ስልክ ሊያዩኝ? አንድ ዓይኔን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አድርገው? ተወኝ እባክህ! [እንደገና ይሞክራል። እምቢ ይለዋል። ድምፁ ይለሰልሳል።] ሮብሌ፣ አራት ጊዜ ሞከርኩ። አምስተኛውን ከሳትኩ ከቁጥር በቀር ሌላ አይቀበልም። ካልተከፈተ ደግሞ በቪዲዮ አልታይም። አሥር ደቂቃ ነው የቀረኝ። ይቺን ልጅ እወዳታለሁ፣ ወላሂ እወዳታለሁ! ሐጂ ደውለው ካጡኝ ሁለተኛ አይደውሉም።

ሮብሌ፦ [ቀስ ብሎ እያላመጠ] አንድ ነገር ልጠይቅህ? መጀመሪያ ፊትህን ያሳየኸው የት ሆነህ ነው?

ጉሌድ፦ ነገርኩህ እኮ፣ ፋራህ ቤት። ሐሙስ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ።

ሮብሌ፦ እየቃምክ?

ጉሌድ፦ ፋራህ ቤት ሌላ ምን ሊሠራ ይኬዳል?

ሮብሌ፦ ጉንጭህስ ያን ሰዓት ባዶ ነበር?

[ጉሌድ ግራ ጉንጩን ይዳብሳል።]

ጉሌድ፦ ...ሙሉ ነበር።

ሮብሌ፦ እንግዲህ እኔ ቴክኖሎጂ አይገባኝም። ግን ስልኩን ብሆን፣ ይሄን ጉንጩ የጎደጎደ ሰውዬ የት አውቀዋለሁ?

ጉሌድ፦ ጉድ ፈላ! ጫት! ጫት ፈልግልኝ!

ሮብሌ፦ መንገድ ላይ ነው አልኩህ እኮ። ቀትር ሳይሆን አይደርስም።

ጉሌድ፦ ዳቦህን አምጣው!

ሮብሌ፦ እየበላሁት ነው እኮ!

ጉሌድ፦ [ነጥቆ ግራ ጉንጩ ውስጥ ይወትፋል] እንዴት ነው?

ሮብሌ፦ ገና ጀማሪ ትመስላለህ። ጨምር።

ጉሌድ፦ [ይጨምራል፣ በሞላ አፉ] አውንስ?

ሮብሌ፦ ትንሽ ወደ ጆሮህ ግፋው። እ... አሁን ራስህ ነህ።

[አይፎኑ ይጠራል። ሐጂ ዳሂር ናቸው፣ በቪዲዮ። ጉሌድ ይነካዋል። ስልኩ ፊቱን አየት ያደርግና ወዲያው ይከፈታል።]

ጉሌድ፦ አወቀኝ! አወቀኝ! አሰላሙ አለይኩም ሐጂ! ... ጉንጬ? ... ኧረ ዳቦ ነው! ... ወላሂ ዳቦ ነው ሐጂ!

ሮብሌ፦ [በሹክሹክታ] ትፋውና አሳያቸው!

ጉሌድ፦ [በሹክሹክታ] አብደሃል? ብተፋው ይዘጋብኛል! ... አይ ሐጂ፣ አሁን አፌን መክፈት አልችልም... ጉንጬን ባዶ ካደረግኩ እኔ መሆኔ አይታወቅም... ሃሎ? ሐጂ? [ስልኩን ያያል] ዘጉት።

ሮብሌ፦ አንዴ ከተከፈተ እኮ አይዘጋም። የኔ እንኳ አይዘጋም።

[የሮብሌ ስልክ ይጠራል፣ እሱም በቪዲዮ። ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ያነሳዋል።]

ሮብሌ፦ ወአለይኩም ሰላም ሐጂ። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ... አዎ፣ አጠገቤ ነው። ... ጫት አይደለም ሐጂ፣ ዳቦ ነው። የኔ ዳቦ ነው። ... ስልኩ ካልቃመ ስለማያውቀው ነው እንጂ።

ጉሌድ፦ ሮብሌ!

ሮብሌ፦ [ስልኩን ደረቱ ላይ ደፍቶ] ምን ላድርግ? ዳቦ ነው ብል አላመኑኝማ! [መልሶ ያነሳዋል] አቤት ሐጂ? ... እኔ? አልቅምም፣ እንቅልፍ ይነሳኛል። ... አሁን? እሺ። [አፉን ይከፍታል። ራሱን ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ያዞራል።] ... የማን ልጅ? ሮብሌ ዋርሰሜ ጌዲ ሰመተር... [እስከ ሰባተኛ አያቱ ይቆጥራል] ... አይ፣ አላገባሁም። ... እሺ ሐጂ። ኢንሻአላህ።

[ይዘጋል። ጉሌድ ዳቦውን በግድ ይውጣል።]

ጉሌድ፦ እህስ? አመኑህ?

ሮብሌ፦ አዎ፣ ዳቦ መሆኑን አምነዋል።

ጉሌድ፦ አልሐምዱሊላህ! ስለኔ ምን አሉ?

ሮብሌ፦ ስላንተስ ምንም አላሉም። እኔን ግን ዓርብ አጎቶችህን ይዘህ ና ብለውኛል።

ጉሌድ፦ አንተን? አጎቶችህን ይዘህ? ምን ልትሠራ?

ሮብሌ፦ [የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ እየተነሳ] እኔ ምን አውቃለሁ? አዋቂው አንተ ነህ።