የቻይናው ሽማግሌ ደቀ መዝሙር

በየሰፈሩ የራሱን ጥፋት አርሞ ጨርሶ ወደ ጎረቤት የተሻገረ አንድ ሰው አይጠፋም። ለኮልፌ በጣሊያን ጊዜ የደረሷት ክቡር አቶ መሸሻ ነበሩ።

አቶ መሸሻ በወጣትነታቸው ጅቡቲ ወደብ ሲሠሩ ከአንድ ሽማግሌ ቻይናዊ ወጥ ሠሪ ጋር ስድስት ዓመት ኖረዋል። ሽማግሌው የአገሩን የጥንት ሊቃውንት ትምህርት ነገራቸው፦ ሰው ማታ ማታ ራሱን ይመርምር፤ ማንም ባያየው እንደታየ ሆኖ ይኑር፤ ጥፋቱን የነገረውን ሰው ያመስግን። የመጨረሻዋ ሳትፈተን ቀረች፤ እሳቸውን ለማረም የደፈረ አልነበረማ!

መዋሸት አያውቁም። ለቅሶ ቤት ስለ ሟቹ ቢጠየቁ፣ «ደግ አልነበረም፤ ግን መሻሻል ጀምሮ ነበር» አሉ። ቅቤ ነጋዴዋን ዘሀራን ደግሞ በገበያተኛ ፊት፣ «ዘሀራ፣ የቻይናው ሽማግሌ ቢያይሽ ምን ይል ነበር?» ይሏታል። ዘሀራ እሳቸውን የምታሳጣበትን ቀን ስትጠብቅ ዓመታት አለፉ።

ወንድሟ ሀያቱ ከአርበኞቹ ዘንድ ቆስሎ ሲመጣ ቆጥ ላይ ደበቀችው። ከጣሊያኑ ይልቅ የፈራችው ግድግዳ የሚጋሯትን አቶ መሸሻን ነበር። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ከተጠየቁ ይናገራሉ።

ሀያቱ በመጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ጣሊያናዊ መኮንን ወታደሮቹን አስከትሎ መጣና የሰፈሩን ሰው ሜዳ ላይ ሰበሰበ። ሽፍታ የተገኘበት ቤት ከነሰዉ ይቃጠላል ተባለ። አስተርጓሚው ባንዳ ገረሱ ሰፈሩን ያውቃል።

«ይህን ሁሉ ቤት ከምንበረብር መሸሻን እንጠይቅ፤ ለእናቱም አይዋሽም» አለ።

ዘሀራ አለቀልን አለች በልቧ።

አቶ መሸሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘሀራ ቅቤዋ ላይ ውሃ ትጨምራለች። ገሜዳ ጠጥቶ ሚስቱን ይሳደባል። ሰርኬ ሐሜተኛ ናት። የተደበቀ ሰው ግን በዚህ ሰፈር የለም።»

ገረሱ እየሳቀ ተረጎመ። መኮንኑም ሳቀ፤ ወታደሮቹን ይዞ ሄደ።

ሰዉ ሲበተን አቶ መሸሻ የዘሀራ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ዘሀራም ጠጋ አለቻቸው።

«ያውቁ ነበር እንዴ ጋሼ?»

«ከመጣ ቀን ጀምሮ። ሲያስል እሰማዋለሁ።»

ዘሀራ ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠላቸው ኖራ አሁን በራሷ አፈረች።

«ሃያ ዓመት ያልዋሸሁት ዛሬ እንድታመን ነበር መሰለኝ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ቢሆንም ውሸት ነው። ማታ ራሴን ስመረምር ምን እላለሁ? እስቲ አንቺ ጥፋቴን ንገሪኝ።»

ስንት ዓመት ያጠራቀመችው ነቀፋ ሁሉ ብን ብሎ ጠፍቷል። ፈልጋ ፈልጋ አንዲት አገኘች።

«አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስል እየሰሙ መድኃኒት አላመጡለትም።» ልታስቃቸው ብላ ነበር።

አቶ መሸሻ አልሳቁም። ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልክ ነሽ። እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማርና ፌጦ ይዘው ተመለሱ፤ በዚያ ዕድሜያቸው መሰላሉን እያቃሰቱ ቆጥ ላይ ወጡ። ዘሀራ ከታች መሰላሉን ይዛ እያለቀሰች ድምፃቸውን ሰማች። ሀያቱን አሳሳሉን ያርሙት ነበር።